መርዶ ለደሴት ልጅ

ሲምረት ባሏን አባዲን ከቀበረች ሳምንት ሆናት። አንድ ልጇ ሃበን ግን አባቱ መሞቱን አልሰማም። በስልክ ይነገረው? ምን ሲደረግ! መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ከቦ ነው። ልጁ ያለበት ደግሞ አበሻ የሚባል ዘር የለም።

ከኮሪያ ጫፍ፣ ባሕር መሀል እንደ ቆሎ የተበተኑ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው አሉ። ሃበን እዚያ መረብ ይጎትታል፤ ደቃቅ ዓሣ ቀቅሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣል።

"እማዬ፣ የኛ ደሴት ከካዛንቺስ እስከ ለገሃር እንኳ አትሞላም። ሜዳ የሚባል የላትም፣ ቤቱ ሁሉ ገደል ላይ ነው። ወጣቱ ከተማ ገብቶ አልቋል፤ በቃ፣ እኔና ሽማግሌዎቹ ነን" ይላታል። ነፋስ ከተነሣ ጀልባ የለም፤ ጭጋግ ከወረደም የለም።

እዚያው ኮሪያ፣ ጀልባው የሚነሣበት ወደብ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ተስፋለም የሚባል የሰፈር ልጅ "እኔ ሄጄ አረዳዋለሁ" ብሎ ነበር። ምስኪን! ነፋሱ ወደቡ ላይ አስቀረው። ሃበን ደግሞ መደወሉን አልተወም። ጥቁር ልብሷን እንዳያይ ካሜራው ተበላሽቷል ትለዋለች።

"አባዬን አገናኚኝ።"

"ተኝቷል።"

"ኧረ ሁልጊዜ እንቅልፍ!"

ሆድ ይፍጀው ብላ ትዘጋለች። ውሸቱ ግን እየከበዳት ሄደ። በመጨረሻ ካዛንቺስ ሲፈርስ የተበተኑትን ጎረቤቶቿን ጠራች፤ ገና ሳይነጋ ሰንጋ ተራ ያለውን ኮንዶሚኒየሟን ሞሉት።

"በስልክማ ነውር ነው፣ ሲምረት" አሉ ሽማግሌው ጋሽ ረጋሳ።

"ነውሩን ለኔ ይተዉልኝ። ልጄን ከዚህ በላይ አልዋሸውም።"

በቪዲዮ ተደወለ። እዚያ እኩለ ቀን ነው፤ ሃበን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ምሳ ይበላል። መጀመሪያ ሳቀ።

"ውይ! እትዬ ኩልሱም! ጋሽ ረጋሳ! ምነው በጠዋቱ…"

የእናቱን የተዘቀዘቀ ነጠላ አየና ሳቁ ጠፋ። አበሻ አይደል፣ ሰው ጎሕ ሲቀድ ለምን እንደሚሰበሰብ ማን ይነግረዋል!

"አባዬ ነው?" አለ።

ሲምረት ደረቷን መታች። ስልኩ ከእጁ ወደቀና ጣሪያ ብቻ ታየ፤ ጩኸቱ ይሰማል፣ አንድ ነገር ተሰበረ። በዚህ በኩል ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። ነውር ነው ያሉት ጋሽ ረጋሳ ራሳቸው "ያዙት! ኧረ ልጁን ያዙት!" እያሉ ወደ ስልኩ ተወረወሩ፤ ሲምረትም ሁለት እጇን ዘረጋች። እዚያ ግን የሚይዘው ሰው አልነበረም።