«ይቅደሙ» የሚባባሉ ክሮች

ከኮምፒውተር የሚገርመኝ ፍጥነቱ አይደለም፤ ብዙ ሥራ ባንዴ ሲሠራ እርስ በርሱ አለመጋጨቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን አንዱን ስሌት ኮምፒውተሩ ውስጥ «ክር» ለሚባሉ ብዙ ሠራተኞች አከፋፍሎ እኩል ሲያስሮጣቸው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ የእነዚህን ክሮች ስህተት ማደን ሆነ።

አጋሮ ላይ የገጠመኝ ግን ይለያል። እናቴና ጎረቤቶቿ ቡና በሚያደርቁባቸው አልጋዎች መካከል የአየሩን እርጥበትና ነፋስ የሚለኩ መሣሪያዎች ተክዬ ነበር። እያንዳንዱን መሣሪያ አንድ ክር ይጠብቃል፤ ዝናብ መምጣቱን ያወቀው ክር የሁሉንም ሴቶች ስልክ ያስጮሃል። እናቴ በኔ ተማምና ሰማዩን እያየ ዝናብ ሲመጣ የሚያስጠነቅቃቸውን ሰው አስቀረች።

አንድ ቀን ዝናቡ መጣ፣ ስልኮቹ ዝም አሉ። ላስቲክ እስኪለብስ ድረስ የዳሩ ቡና ራሰ። የራሰ ቡና ይሻግታል፤ ከሻገተ የዓመት ልፋት ነው የሚጠፋው። ሊያባራ ሲል ስልኮቹ ጮኹ። አንዷ ጎረቤት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብላ ሳቀችብኝ። እናቴ አልሳቀችም።

«ልጄ፣ ሰው ልመልስ ወይስ አንቺን ልመን?» አለችኝ።

ኮዱን ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ክሮቹን ላያቸው ብዬ ቀስ ሳደርጋቸው ሁሉም ልክ ነው፤ ዞር ስል ይሳሳታሉ። እንግዳ ሲመጣ ጨዋ የሚሆኑ ልጆች ይመስሉ ነበር። አናደዱኝ፣ አስፈሩኝም።

መልሱን ቤታችን በር ላይ አገኘሁት። አባቴን ሊጠይቁ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ እኩል ደረሱ።

«ይቅደሙ!»

«ወላሂ አልቀድምም፣ እርስዎ ይቅደሙ!»

ካፊያው ትከሻቸውን እያረጠበው አንዳቸውም አይገቡም። ልስቅ ስል ክው ብዬ ቀረሁ። ኮዱ ውስጥ «ሌላው ክር ሊያስጠነቅቅ ከተነሣ ተውለት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ክሮች እኩል ከተነሡ ሁለቱም ለሌላው ይተዋሉ፣ አንዱ በአጋጣሚ እስኪቀድም ድረስ ማንም አያስጠነቅቅም። ቀስ ሳደርጋቸው ደግሞ እኩል አይደርሱም። በር ላይ ለሰው መልቀቅን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ያሳደገችኝ ጨዋነት በጣቶቼ ወርዶ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ኖሯል! ሱብሃነላህ አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ «በዕድሜ ይሁን» ተባባሉና ታላቅየው ገቡ። እኔም ለክሮቼ ታላቅና ታናሽ አበጀሁላቸው፤ እኩል ሲደርሱ ታላቁ ይጮሃል። እናቴን አንዴ ብቻ ታገሺኝ አልኳት። ሰው ሳትመልስ ጠበቀችኝ።

አንድ ቀን ሰማዩ ገና ፀሐያማ ሳለ ስልኮቹ ሁሉ ባንዴ ጮኹ። «ሮብኒ ዹፌ! ዝናቡ መጣ!» እያሉ ሴቶቹ ሮጡ። የመጨረሻው አልጋ ላስቲክ ሲለብስ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። እናቴ እጇን ከላስቲኩ ሥር አስገብታ ቡናውን ዳሰሰች። ደረቅ ነው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

ልንጠለል ስንሮጥ እኔና እናቴ መጋዘኑ በር ላይ እኩል ደረስን። እንደለመድኩት ቆምኩ።

«ሀርሜ፣ እማዬ፣ ቅደሚ» አልኳት።

ትከሻዬን ይዛ ወደ ውስጥ ገፋችኝ።

«ዛሬስ አንቺ ቅደሚ» አለች።