ማኅተም የሌለው ፊርማ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ንፋስ መውጫ ቤቴ መጥታ፣ አብረን ድንች እየላጥን ሳለ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። በቪዲዮው አንድ ሽበታም ፈረንጅ የአንድ ታዋቂ ጠፈርተኛን ፊርማ በአጉሊ መነጽር ይመረምራል።

«የእጁ ነው ወይስ የማሽን የሚለውን የሚለይ ባለሙያ አለ አክስቴ! አይገርምም?»

እኔን አልገረመኝም። እኛ ይህን ነገር በወጣትነታችን፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ መርምረነዋል።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር የገበሬ ልጅ ከተማ ውስጥ ቤት በጋራ ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመላለሰ ነበር የሚኖረው። አብራኝ የምትኖረው ዝናሽ የስማዳ ልጅ ናት። እኔ በሶ አመጣለሁ፣ እሷ ድርቆሽ። የእናቷን ድርቆሽ የሚያህል ከዚያ ወዲህ አልቀመስሁም፤ ምናልባት ድርቆሹ ሳይሆን አብሮ መብላቱ ይሆናል የጣፈጠኝ። በጥቅምት የባቄላው አበባ መንገዱን ሲያውደው ዝናሽ እያንጋጠጠች ትሄዳለች፤ ስንት ጊዜ በድንጋይ ተደናቅፋለች! ሰማይ ነበር የምትወደው።

ጨረቃን ለረገጠ አንድ ሰው ደብዳቤ ስትጽፍ ታዲያ ሁላችንም ሳቅንባት። አድራሻውን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ከአሮጌ መጽሔት ፈልጎ ሰጣት። ከክረምቱ በኋላ ትምህርት ሲከፈት መልሱ ደረሰ፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም የተጣለ ፊርማ።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፎቶውን ገለባብጠው አዩት።

«ማኅተሙስ?»

«ጋሼ፣ ፎቶ እኮ ነው» አለች ዝናሽ።

«ይሁና! እኔ ለአንድ ቀን ፈቃድ እንኳ ማኅተም እመታለሁ። ጨረቃ ድረስ የወጣ ሰው ማኅተም ያጣል?»

እስከ ቤታችን ድረስ እየሳቅን ሄድን።

ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። በእኛ አገር ፊርማ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ነው፤ የትልቅ ሰው ፊርማ በእጇ ያለች ልጅ ደግሞ ትልቁን ሰው ታውቀዋለች ማለት ነው። በገበያ ቀን በራችን ሰው በሰው ሆነ። አንዱ ለዓይኑ መድኃኒት እንድታስልክለት ይለምናል፣ ሌላው ልጁን ውጭ አገር እንድታስወስድለት። ስሟ ዝናሽ መሆኑ ደግሞ ለቀልደኞች ተመቻቸው። እሷ እየከሳች ሄደች። በመጨረሻ ከመጋረጃው ጀርባ ትደበቃለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ዝናሽ የለችም» እላለሁ።

በዚያው ሰሞን አዲስ የመጣው የፊዚክስ አስተማሪ ስለ ፎቶው ሰምቶ፣ «እንዲህ ያሉ ሰዎች መቼ ራሳቸው ይፈርማሉ? ማሽን ነው የሚፈርምላቸው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ዝናሽ ቤት ስትገባ የፎቶውን ጀርባ በጣቷ ትዳስስ ጀመር።

«የሺ፣ እስቲ ንኪው። የብዕሩ ምልክት አይጎረብጥም?»

ነካሁት። አንዴ የጎረበጠኝ ይመስለኛል፣ አንዴ ልስልስ ይልብኛል።

«ማሽንም ቢሆን አልቀየመውም» አለች። «ለእኔስ አንቺ አለሽልኝ አይደል፣ በር ላይ ቆመሽ የለችም የምትይልኝ? እሱ ስንት ሰው ይመጣበት ይሆን!»

አንድ ቅዳሜ ከጋይንት በኩል አንዲት እናት መጡ። በነጠላቸው እሸት ባቄላ ቋጥረዋል። የለመድሁትን ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አላስቸግራትም ልጄ፣ አንዲት ነገር ናት። ሰውየው እላይ ሆኖ ምድሩን ሁሉ አይቷል አሉ። ልጄ አምና ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ እንደወረደ ቀረብኝ። አይቶት እንደሁ ትጠይቅልኝ ብዬ ነው።»

መጋረጃው ተገለጠና ዝናሽ ወጣች። «ይግቡ እማማ» ብላ አልጋችን ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ፎቶውንም ሰጠቻቸው። ፊርማው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«የራሱ እጅ ነው?»

አዎ ብትል እኒህ እናት ዓመቱን ሙሉ መልስ ሊጠብቁ ነው። አይደለም ብትል ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ የመጡበት ተስፋ እዚያው ይቀራል።

«አላውቅም እማማ» አለች ዝናሽ። «የእጁ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ ላይ ግን ሰው አይታይም። ምድር ብቻ ነው የሚታየው።»

ፎቶውን በቀስታ መለሱላት።

«እንግዲያ እሱም አላየው» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ምነው እንዲህ ከሳሽ የኔ ልጅ? ምን ነካሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ነጠላቸውን ፈተው ባቄላውን እየፈለፈሉ አበሉን፤ ስለ ልጃቸው ሲያወሩልን ፀሐይ አዘቀዘቀች። ሲሄዱ ዝናሽ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ዓመቱ ሲያልቅ አባቷን ለምና ጎጃም አክስቷ ዘንድ ልትማር ሄደች። ፎቶውን «ማኅተም ይምቱበት» ብላ ለጸሐፊው ሰጠቻቸው። አውቶቡስ ስትሳፈር ፊቷ በርቶ ነበር።

«እዚያ ማንም አያውቀኝም የሺ!»

እኔ አውቅሽ የለም ወይ ልላት ፈልጌ እጄን ብቻ አውለበለብሁላት። ደብዳቤ አልጻፈችልኝም። ኋላ ስማዳ፣ ወገዳ ድረስ ሄጄ ባጠያይቅም ቤተሰቧም ቀዬውን ለቀዋል አሉኝ። እስከ ዛሬ ትናፍቀኛለች።

«ታዲያ የእጁ ነበር አክስቴ?» አለች የእህቴ ልጅ፣ ስልኳን እያጠፋች።

«እንጃ» አልኋት። ያን የሩቅ ሰው ፊርማ ያን ያህል ስንዳስስ፣ ከዝናሽ እጅ ጽሑፍ አንዲት ቁራጭ እንኳ አላስቀረሁም። ስሟን ስትጽፍ የ«ዝ»ን እግር እስከ ታችኛው መስመር ትጎትተው ነበር። ዛሬ ባየው ያለ ባለሙያም ያለ ማኅተምም እለየዋለሁ።

በር ሲንኳኳ አሁንም ከሰው ቀድሜ እነሳለሁ። ለዚያ ሁሉ እንግዳ የለችም ስል ኖሬ፣ እሷ ራሷ መጥታ «የሺ አለች?» ብትል፣ አለሁ ልላት።