የሐጂ ኢድሪስ ያልተከፈተ ሞተር

ባለፈው እሁድ ልጄ ሰይድ መኪና ገዝቶ ግቢያችን ውስጥ አቆመ። አሮጌ የጃፓን መኪና ናት፤ በዕድሜ ከእሱ ትበልጣለች። ከአቅሙ በላይ ተንጠራርቶ አዲስ ባለመግዛቱ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ግን አልነገርኩትም። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ፀሐይ ያጋለው የወንበር ላስቲክ፣ ከምንጣፉ ሥር የተቀበረው ቀይ አቧራና ቀጭን የናፍጣ ሽታ ተደባልቀው ሲቀበሉኝ፣ እጄን መሪው ላይ እንዳሳረፍኩ ቀረሁ። ሰይድ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ፣ "አባ፣ ሞተሯ ያልተከፈተ ነው" አለኝ በኩራት። ከመሪው ኋላ አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች። ምን እንደሆነች ስጠይቀው፣ "እሷ ሴንሰር ናት፣ ሁሉም ላይ ትበራለች" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቤታችን ውስጥ ሳልስቅ ስቀር ተቆጣ ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን ቁጣ አልነበረም። ሐጂ ኢድሪስን አስቤ ነው።

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጡት ናቸው፤ እኔ ያደግኩት ከከተማዋ ዳር፣ ግድግዳውም አጥሩም አልጋውም ከቀርቀሃ በተሠራ ቤት ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። መሬት ሲሰጡት አረሰ፤ ሽመናውን ግን አልተወም። ከአጥሩ ሥር ዳስ ጥሎ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ እግሩን ከጉድጓዱ አውርዶ ሲሠራ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሁሉ በቀርቀሃው ክፍተት ይታየዋል፣ የማይታየውም ይሰማዋል። ማዶ ያለው የኢድሪስ ግቢ ነበር። ኢድሪስ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ከመንጌ ኦቾሎኒና ሰሊጥ እየጫነ አሶሳ የሚያመጣ፣ ከአሶሳ ስኳርና ሳሙና ወደ መንጌ የሚወስድ ነጋዴ። ቁመቱ እንደ በር መቃን ነው፤ ሳቁ ግን የልጅ ነው።

መካ ሄዶ አያውቅም ነበር። ሆኖም አንድ ቀን ላንድክሩዘሬን ሸጬ ሐጅ አደርጋለሁ ስላለ፣ ሰፈሩ ማዕረጉን አስቀድሞ ሰጠው። ልጅ አዋቂው ሐጂ ይለዋል፤ ሚስቱ ሃሊማ እንኳ ስትቀልድበት ሐጂ ትለዋለች። አንድ ሰው ብቻ እንቢ አለ፤ አባቴ። "ያልደረሰበትን ስም ለሰው መስጠት ብድር ማሸከም ነው" ይል ነበር። ለብዙ ዓመት ኢድሪስ ብቻ ብሎ ጠራው፣ ኢድሪስም አልተቀየመውም።

ላንድክሩዘሯ በሱዳን በኩል የመጣች ናት ይባል ነበር። ቀለሟ የደረቀ ሣር ይመስላል፤ ኋላዋ ሸራ የለበሰ ነው። ከማንጎው ዛፍ ሥር ስለምታድር የሞተሯ ክዳን በወደቀ ማንጎ ተጎድጉዷል፤ ኢድሪስ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ የሰፈር ልጅ ይጠረጥር ነበር። እኛን ልጆችን ለማሳፈር ሕግ ነበረው፦ መጀመሪያ እግር ይታጠባል። ሸራው ሥር ፍየል ታስሮ በጠጡን በትኖ እያለ እንኳ እኛ ታጥበን ነው የምንወጣው፤ መስጊድ የምንገባ ነበር የሚመስለን። ከዚያ በኋላ የሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ የቀርቀሃው ጫካ ከግራ ከቀኝ ሸራውን እየዳሰሰ ሲያልፍ፣ በዓለም ላይ ከእኛ በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ያለ አይመስለንም።

በዚያ ዘመን የዚያች መኪና ስም ከባለቤቷ ስም ይበልጥ ነበር። ሐኪሙም፣ አስተዳዳሪውም፣ ነጋዴውም የሚምለው በእሷ ነው። ጭቃ ስታይ ትስቃለች ይሉ ነበር። ከመኪናው በፊት ባለቤቱ ያረጃል ይሉ ነበር። ባለቤቶቿ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ባይተዋወቁም እንደ ሥጋ ዘመድ እጃቸውን ያነሱ ነበር። ሊሸጥ ሲመጣ ደግሞ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጎማ ወይም ስለ ቀለም አይደለም፤ ሞተሩ ተከፍቶ ያውቃል ወይ ብሎ ነው። ያልተከፈተ ሞተር ማለት መካኒክ ገጣጥሞ ያልመለሰው፣ ፋብሪካው እንደዘጋው ያለ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ትክክል ነው። ኢድሪስ ግን ነገሩን አንድ እርምጃ አሳለፈው። ጃፓን የዘጋውን ሰው አይነካውም ብሎ መካኒክ እንዲያስነጥስበት እንኳ አይፈቅድም ነበር። የሞተር ዘይት ሲጎድል ከላይ ይጨምራል እንጂ አሮጌውን አይደፋም። ለምን ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ ከታች ያለው ከጃፓን የመጣው ዘይት ነው፣ እርሾ ነው፤ አዲሱን የሚያበስለው እሱ ነው። "ሃሊማ ሊጥ ሲያቦካ እርሾ ይደፋል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ሃሊማም "እኔ ሴት ነኝ፣ ታቦካለች በል፤ እርሾውን ግን አልደፋም" ትላለች። ሰፈሩ ይስቃል፣ ግን ያምነዋል። መኪናዋም እየሄደች ስለነበር ማንም ሊከራከረው አልቻለም።

አንድ ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ከባምባሲ ኦቦ ገመቹ የሚባል ነጋዴ መጣ። መኪናዋን ዞረ፣ ሥሯ ገባ፣ አስነሥቶ አዳመጠ። "ያልተከፈተ ነው?" ሲል፣ ኢድሪስ "ወላሂ፣ ጃፓን እንደዘጋው ነው" አለ። እውነት ነበር። መስከረም ሲጠባ ሊወስዳት ተጨባበጡ። ያን ዕለት ኢድሪስ በአጥሩ ክፍተት አባቴን ጠርቶ፣ ለሐጅ የሚለብሰውን ስፌት የሌለበት ሁለት ነጭ ጨርቅ እንዲሠራለት ለመነው። ሃሊማ ከመንጌ ጥጥ አመጣች፣ እናቴ ፈተለች፣ አባቴ ድሩን ዘረጋ። ክረምቱን ሁሉ እዚያ ቤት የነበረው ሐሳብ አንድ ነበር፤ መኪናዋ እስከ መስከረም በስሟ ትቆይ፣ ኢድሪስም በዋጋዋ መካ ይድረስ።

አባቴ የመጀመሪያውን ጨርቅ ጨርሶ ሁለተኛውን ጀምሮ ነበር። ኢድሪስ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ እስኪሞቅ ከአጥሩ ጋ መጥቶ ሥራውን ያያል። ክር ሲበጠስ አባቴ እጁን ያቆማል፣ ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፣ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ይህ ለኢድሪስ ትዕግሥት አስጨራሽ ነው።

"አንድ ክር ነው። ማን ያየዋል? ሂድ ዝም ብለህ።"

"አላህ ቤት የምትለብሰው ነው እኮ አንተዬ። ክር ሲበጠስ የማይቆም ሸማኔ አይደለም፣ ጨርቅ አበላሺ ነው" አለው አባቴ፤ ከዚያ ጆሮውን ወደ ማዶ አዘንብሎ ጨመረ። "የአንተም ክር ተበጥሷል። የዛሬ ድምፁ የትናንቱ አይደለም። ቁም ኢድሪስ፤ ለሚያውቅ ሰው አሳየው።"

እኔም እሰማው ነበር፤ በዋናው ድምፅ ሥር አንድ ሰው በጥፍሩ ጣሳ የሚመታ ይመስል ነበር። ኢድሪስም እንደሰማው አሁን አውቃለሁ፤ ፊቱ ስለ ጠቆረ። ግን መካኒክ ከከፈተ ወሬው ከሱ ቀድሞ ባምባሲ ይደርሳል። መስከረም ሩቅ አይደለም። "ሸማኔ የጨርቅ ሐኪም ነው። ጃፓንን ለጃፓን ተው" ብሎ ሳቀና ወጣ። ሃሊማ ከፊት ወንበር ሆና "ጎረቤትህ እኮ ጠላትህ አይደለም" ስትለው፣ "ሃሊማ፣ አንተ ዝም በል" ሲላት ሰማን። በንዴት ጊዜ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር።

ከመንጌ ሲመለሱ ከአንድ ዳገት ላይ ሞተሩ ነከሰ፤ ውስጡ ተያይዞ ጨርሶ ደረቀ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሰፈራው ትራክተር በሰንሰለት እየጎተታት በገበያው መካከል አለፈች። ኢድሪስ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ የሚነዳት እሱ ይመስል ወደ ፊት ብቻ እያየ ተቀምጧል። ሰው ከየሱቁ ወጣ፤ ማንም አልሳቀም። አሮጊቶች ራሳቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

መካኒኩ ተሾመ ከማንጎው ሥር ተኝቶ ቡሎኑን ሲፈታ ዘይቱ ለመውረድ አመነታ። ከዚያ እንደ ሬንጅ እየተጎተተ ወረደ። ተሾመ በእንጨት አነሣውና፣ "ሐጂ፣ ይሄ እኮ ዘይት አይደለም፣ አስፋልት ነው" አለ። ኢድሪስ ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ ቀስ ብሎ "እርሾው ነው" አለ፤ ያን ጊዜ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ፣ እሱም ከሁሉ በላይ ሳቀ፣ ሲስቅ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ተሾመ ድምፁ እንደተለወጠ ብትመጣ ኖሮ ቀላል ነበር አለው። ከአጥሩ ማዶ የአባቴ መወርወሪያ ቆመ፤ ነግሬህ ነበር ግን አላለም። እኔ ልጆቼን ሳሳድግ ያንን ቃል መዋጥ አልቻልኩበትም።

ሞተሩ ተከፈተ፣ ታጠበ፣ የተበላው ተተካ፣ ተዘጋ። ለመኪናዋ ስም ያተረፈላት ያው ጥንካሬዋ ነው፤ ከዚያ ሁሉ በደል በኋላ በመስከረም እንደ ድሮዋ ጥርት ባለ ድምፅ ትነሣ ነበር። ኦቦ ገመቹ ሲመጣ ሰፈሩ ተሰብስቦ ነበር፤ ማንም ሳይመክር ሁሉም ዝም ለማለት ተስማምቷል። ኢድሪስ ይሂድ፣ መካ ይድረስ፣ ይህ ነበር የሁሉም ልብ። ተሾመ እንኳ እጁን በሳሙና አሽቶ መጥቷል። ኦቦ ገመቹ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። "እንደተባባልነው ነዋ? ያልተከፈተ?"

ኢድሪስ የተጎደጎደውን ክዳን በመዳፉ አበሰ። "ክረምት ላይ ተከፍቷል። ጃፓን አላጠፋም፤ እኔ አጠፋሁ።"

ኦቦ ገመቹ ከመኪናዋ ወደ ኢድሪስ ዞረ። "ባትነግረኝ እኮ አላውቅም ነበር ኦቦ ኢድሪስ" አለው።

"አንተ አታውቅም። እዛ አላህ ቤት ግን ምን ለብሼ እቆማለሁ?"

ሽያጩ ቀረ፤ ተጨባበጡ፣ ተለያዩ። መኪናዋ ከማንጎው ሥር ቀረች። ሰው አንድ በአንድ ሲበተን ኢድሪስ እዚያው ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ አባቴ ከጉድጓዱ እግሩን አውጥቶ፣ ወደ አጥሩ ተጠግቶ፣ ሁለተኛውን ነጭ ጨርቅ አጣጥፎ በቀርቀሃው ላይ አሳለፈለትና፣ "ሐጂ፣ ና ሻይ ጠጣ" አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። መካ ግን ሳይሄድ ዘመኑ አለፈ፤ በዚያን ክረምት ጨርቆች ኋላ ከፍነው ቀበሩት።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ቀሪውን ካገኘሁት መጽሐፍ ለቀምኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያችን መኪና ስለሚሠራው የጃፓን ኩባንያ ታሪክ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። ኩባንያው ሥራውን የጀመረው በሽመና መሣሪያ ነው። የአናጢ ልጅ የሆነ አንድ ጃፓናዊ፣ ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም መሸመኛ ሠራ፤ መኪና ወደ መሥራት የገባው ልጁ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪኖቻቸው መንገድ ላይ ይቆሙ ነበር፤ ሰዎቻቸው እየተከተሉ ይጠግኑ ነበር። ዛሬም ፋብሪካቸው ውስጥ ጥፋት ያየ ሠራተኛ ሁሉ ሥራውን ማስቆም ይችላል ይላል። እኛ ደግሞ የማትቆም ናት ብለን አመለክናት። ስሟ የመጣው ግን ከመቆም ነው። አባቴ ይህን ሳያውቅ ሞተ፤ ቢያውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ለሐጂ በአጥሩ ክፍተት ሲያወራለት ይውል ነበር።

ያ አጥር አሁን የለም። የቀርቀሃው ቦታ በብሎኬት ግንብ ተተክቷል፤ አናቱ ላይ ጠርሙስ ተሰክቷል። ከግንቡ ማዶ ማን እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ሰላምታም አለን፤ ጠዋት እንዴት እንደሚያስል ግን አላውቅም፣ እሱም የእኛን አያውቅም። ድሮ ድህነታችን ቀጭን ግድግዳ ነበረው፤ የአንዱ ሞተር፣ የአንዱ ሳል፣ የአንዱ ጠብ ለሌላው ይሰማ ነበር፣ አንዳንዴም ያስመርር ነበር። ድምፅህ ተለውጧል፣ ቁም የሚልህን ጎረቤት ያኔ በነፃ አግኝተነው፣ ኋላ ራሳችን በግንብ ዘጋነው። ማንም አልወሰደብንም።

ሰኞ ማለዳ ሰይድ መኪናዋን ሲያስነሣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ጆሮዬ የአባቴ ጆሮ አይደለም። ከሥር የሆነ ነገር የሰማሁ መሰለኝ፤ ባጃጅ በመንገዱ አለፈና አጠፋብኝ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ቢሆንም ከእኔ በቀር የሚሰማ ሰው ስለሌለ ተነሥቼ ከፊቷ ሄድኩና ቁም ብዬ እጄን አነሣሁ። ሰይድ በፊት መስታወቱ ፊቴን አየ፣ ቢጫዋን መብራት አየ፣ ቁልፉንም መልሶ ሞተሩን አጠፋ።