የአዳዳ ውሻና ሁለቱ መድኃኒቶች

የአባቴን እህት በቤታችን «አዳዳ» ነው የምንላት፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። የምትኖርበት የእጃጂ ከተማ ሰው ግን ሲስተር ይላታል። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ቡችላ ሳለ ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ያነሳችው ቡናማ ውሻ ነበር አብሯት የሚኖረው። ገበያም ለቅሶም ስትሄድ ይከተላታል፤ የከተማው ሰው እሱን ካየ እሷ ሩቅ እንዳልሆነች ያውቃል።

ሲያረጅ የኋላ እግሮቹን ያመው ጀመር። ጠዋት ለመነሳት ይታገልና ተመልሶ ይተኛል። እኔ አምቦ ነው የማስተምረው፤ ለእረፍት እሷ ዘንድ ሄጄ ስለነበር በባጃጅ ይዘነው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። በሬና ላም ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ገበሬዎች ውሻ አቅፋ ስትወርድ አይተው ተሳሳቁ። እሷ ግን ዞር ብላም አላየቻቸው።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ። እግሩን ዳሰሰና መገጣጠሚያው ተቆጥቷል አለ። መርፌ ወጋው፤ ካልተሻለው መልሰን እንድናመጣው ነግሮን የሚቀጥለውን ሰው ጠራ። የወጋው ምን እንደሆነ አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም።

በማግስቱ ውሻው ራሱን ችሎ ግቢውን ዞረ። አዳዳ እንደ ልጅ ተደሰተች። ያም ሆኖ ትንሽ ሲያነክስ ስታየው አንጀቷ አልቻለም። ለጉልበቷ ሕመም ከምትወስደው ዳይክሎፌናክ የአንዱን ኪኒን ግማሽ ሰብራ በሥጋ ጠቅልላ አጎረሰችው። «ለሰው ስሰጠው የኖርኩት ነው፤ ሕመሙን ያስታግስለታል» አለችኝ። ነገሩ ልክ መስሎኝ ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ከዚያ በየቀኑ እደውልላት ነበር። መጀመሪያ ምግብ እንቢ አለ አለችኝ። ቀጥሎ አስመለሰው። ሕመሙ የባሰበት መስሏት ኪኒኑን በወተት በጥብጣ መስጠቷን ቀጠለች። አንድ ቀን ግን ድምፅዋ ሌላ ሆኖ መጣ። «ሰገራው ጠቁሯል» አለችኝ። የጠቆረ ሰገራ ሆድ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው ማለት መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከአምቦ ደርሼ ውሻውን እንደገና ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ ከንፈሩን ገልጦ ድዱን አየ፤ ነጭ ሆኗል። ቀና ብሎ አያት።

«ሲስተር፣ ከመርፌው በኋላ ሌላ መድኃኒት ሰጥተውታል?»

ነገረችው። ልጁ ቀስ ብሎ፣ የወጋው ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት መሆኑን፣ ያ ኪኒን ለብቻውም ለውሻ አደገኛ እንደሆነ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ጨጓራን እንደሚያደሙ አስረዳን። እዚህ የሚመጣው ከብት ስለሆነ ሰው ቤቱ ሄዶ ኪኒን ይሰጣል ብሎ እንዳላሰበ ተናገረ። «መንገር ነበረብኝ» አለ።

አዳዳ ውሻውን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች አንገቷን ደፋች። «‹ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ?› ሳልል ለሰው መርፌ ወግቼ አላውቅም» አለች። «ለእሱ ግን አንተም አልጠየቅከኝ፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩ።»

ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አደረገለት፤ ግሉኮስም ሰጠው። ቤት መልሰነው በረንዳው ላይ አስተኛነው። አዳዳ እጇን ከጎኑ ሳታነሳ አደረች። ጎህ ሲቀድ ትንፋሹ ቆመ። ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ እሷ የለበሰችውን ሻርፕ ከትከሻዋ አውርዳ ውሻውን ጠቀለለችበት።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ግባ ብንለውም አልገባም። አዳዳ ወደ እሱ ሄደች። ትቆጣዋለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። «ለሚመጣው ሰው ንገር» አለችው። «ዶሮ ይዞ ቢመጣም ንገረው። ምን እንደሰጠኸው፣ ምን እንደሚያመጣበት፣ ከምን ጋር መስጠት እንደሌለበት ንገረው።» ልጁ ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ሄደ።

በሳምንቱ እሁድ አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከአምልኮ በኋላ የመጋቢው ባለቤት እጇን ይዛ ምን ሆነሽ እንዲህ ከሳሽ አለቻት። በእኛ አገር ለውሻ ሐዘን የሚቀመጥ የለም፤ ለእሱም እግዚአብሔር ያጽናሽ የሚል ሰው አይገኝም። አዳዳ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል» አለቻት።