ኮሌታ ያስተረጎመችው መልስ

ድንበር ማዶ ባለው በዚያ የልብስ ፋብሪካ ሰው የሚጠራው በሚሰፋው ነበር። እሷ የሸሚዝ ኮሌታ ስለምትገጥም ኮሌታ ተባለች፤ አብራት ከአገር የመጣችው የአክስቷ ልጅ ደግሞ እጅጌ። «ሁለታችን ተደምረን አንድ ሸሚዝ አልሞላንም» እያለች እጅጌ ታስቃት ነበር፤ ያውም አፏን በእጇ ሸፍና። ገና ሲደርሱ ፓስፖርታቸውን የሰበሰበው ካቦ ሳቅ አይወድም። ከሥራ መልስ መኝታቸውን ከውጭ የሚቆልፍባቸውም እሱ ነው። «አገሬ ልሂድ» ያለች አንዲት ልጅ ዕቃ ቤት ተዘግቶባት ሰነበተች፤ ስትወጣ ከማንም ጋር አላወራችም።

አንድ ጠዋት ሸሚዙን የሚገዛው የውጭ ኩባንያ ተቆጣጣሪ ላከ። ኮሌታ ቀደም ሲል የውጭ ሰዎች ቤት ስትሠራ ቋንቋቸውን ለምዳ ነበርና ካቦው ከስፌት መኪናዋ አስነሳት።

«ታስተረጉሚያለሽ» አላት ጆሮዋ ሥር። «አንዲት ነገር ብታበላሺ የአክስትሽን ልጅ አታገኚያትም።»

ቢሮ ሲገቡ እጅጌ ተጠርታ ተቀምጣለች። ካቦው በሩን ተደግፎ ቆመ፤ የእንግዳዋን ቋንቋ አይሰማም፣ ፊታቸውን ግን ልቅም አድርጎ ያያል።

ተቆጣጣሪዋ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ «ስትፈልጊ መውጣት ትችያለሽ?» ሲሉ ጠየቁ። ኮሌታ አስተረጎመች። እጅጌ በሉ የተባሉትን መለሰች፤ «አዎ፣ ደስ ብሎን ነው የምንሠራው።»

ኮሌታ ካቦውን በዓይኗ ጠርዝ አየችው። ከዚያ ፈገግ ብላ በእንግዳዋ ቋንቋ፣ «ይቆልፉብናል። ፓስፖርታችንን ወስደዋል። እባክዎ ፊትዎ እንዳይለወጥ፤ ይገድሉናል» አለች።

የሴትየዋ ብዕር ለአፍታ ቆመ። ቀጥለው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ስለ ምሳ ጠየቁ።

«ለአንድ አዎ ያ ሁሉ ወሬ ምንድነው?» አላት ካቦው፣ እንግዳዋ እንደሄዱ።

«በእነሱ ቋንቋ ደስታ ረጅም ነው፣ ጌታዬ።»

በአገጩ ወደ ስፌት መኪናዋ መለሳት። ከዚያ ወዲያ ኮሌታ ቀን ትቆጥር ጀመር። ካቦው ከኋላዋ ባለፈ ቁጥር ስፌቷ ይጣመማል። ሴትየዋ ረስተውን ይሆን? ወይስ ለፋብሪካው ባለቤት ነግረውት?

በሳምንቱ ሴትየዋ ፖሊስ አስከትለው ተመለሱ። ካቦው ተያዘ፤ ፓስፖርቶቹ ከካዝና ወጡ። ሴቶቹ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እጅጌ ኮሌታን ወደ ጥግ ጎተተቻት።

«ምን ብለሽ ነበር ያስተረጎምሽልኝ?»

ነገረቻት። የእጅጌ ፊት አመድ መሰለ።

«ቢያውቅብሽ ኖሮስ? የሚገድለው እኮ እኔን ነበር! ሳትጠይቂኝ?»

 እጅጌ ያን ሌሊት ፍራሿን ከኮሌታ አርቃ ተኛች፤ በማግስቱ ወደ አገር የሚመልሳቸው አውቶቡስ ሲመጣ ግን ጎን ለጎን ተቀመጡ።