ሱፉ በማን በኩል ነው?

የአክስቴ ባል ሳሎን መተኛት የጀመሩ ዕለት የተፈናቀልኩት እኔ ነኝ። ሶፋው የኔ ነበር። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ቅርብ ስለሆነ እነሱ ጋ ነው የምኖረው፤ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተንጋልዬ ቴሌቪዥን አያለሁ፣ እንቅልፍ ሲጥለኝም እዚያው እቀራለሁ። አንድ ቀን ጋሼ ትራሳቸውንና ትንሿን ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ብቅ አሉና "ተነሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነኝ" አሉኝ። እኔም ጓዳ ውስጥ ካለችው ጠባብ አልጋ ላይ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጎን ተሰደድኩ።

የጠቡ መነሻ ብርድ ልብስ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ሞተሩ ጉልበታቸው ሥር ሲነድ ኖሯል። ጡረታ ሲወጡ ሞተሩ ጠፋ፣ እሳቸው ግን እስካሁን አልበረዱም። አክስቴ "ምድጃው" የሚል ስም አውጥታላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ "በረዶ" ነው የሚሏት፤ እግሯ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አሁን ከፍሪጅ የወጣ ይመስላል። እሷ ትደርባለች፣ እሳቸው ይገፋሉ። በዚያ ላይ ጆሯቸው ሥር ሬዲዮ ካልተንጫጫ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አክስቴ ያቺን ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ቆሻሻ ውስጥ ጥላት ታውቃለች።

"ይሂድ! አልጋው ተስፋፋልኝ!" ትላለች ለጎረቤቱ ሁሉ። አንድ ቀን ግን ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ያቺን የሥራ ባልደረባዬን አስታወስሻት? ባሏ መጀመሪያ ሳሎን ገባ፣ ቀጥሎ እህቱ ቤት፣ አሁን የት እንዳለ እሷም አታውቅም። እኛ ቤት ከሳሎን ቀጥሎ ያለው የውጪው በር ነው" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በሽንኩርቱ ላላክክላት አሰብኩ፣ ነገር ግን ሽንኩርቱን የምልጠው እኔ ነበርኩ፤ እሷ የያዘችው ድንች ነው።

"ታዲያ ተመለስ በዪው" አልኳት።

"እኔ? ምላሴ ይቆረጥ!"

ምላሷን ማትረፍ ስላለባት በእጇ ልትለምናቸው ወሰነች። አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ዓይነት ሙሌት፦ በሷ በኩል ወፍራም፣ በሳቸው በኩል ስስ። አክስቴ ያረጀችው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ነው፤ የሰፋችው ግን ኮሌታ ብቻ ነው። እጅጌ የሚሰፋ ሌላ፣ ቁልፍ የሚተክል ሌላ፣ እሷ ኮሌታ። "እዚህ ከተማ ካለው ወንድ የግማሹ አንገት በእጄ አልፏል" ትላለች፣ ቅንጣት ሳታፍር። ሙሉ ልብስ ሰፍታ ግን አታውቅም። አሁን በስተርጅና የጋሼን የሥራ ሸሚዞች፣ አሮጌ መጋረጃና የኔን ቀሚስ (ማን ጠየቀኝ!) በአራት ማዕዘን እየቆረጠች ታገጣጥም ጀመር።

ሙሌት ልንመርጥ የትራስና የፍራሽ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሻጩ ነጭ ነገር እንደ ደመና ቆልሎ ጠበቀን።

"እናቴ፣ ፋይበር ውሰጂ። ቀላል ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚገዛው።"

አክስቴ ከቦርሳዋ ክብሪት አወጣች። ሻጩ "ኧረ በፈጠረሽ!" እያለ ውሃ ፍለጋ ሮጠ። እሷ ከፋይበሩም፣ ከጥጡም፣ ከበግ ሱፉም ቆንጠር አድርጋ እደጃፉ ድንጋይ ላይ ለኮሰችው። ፋይበሩ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተጣበቀ። ጥጡ የተቃጠለ ወረቀት ሸቶ አመድ ሆነ። የበጉ ሱፍ ፀጉር ፀጉር ሸተተ፣ እሳቱም ወዲያው ጠፋ።

"ባሌን በላስቲክ ልጠቅልለው እንዴ? ላብ መውጫ የለውም እኮ ይሄ!" አለችና ለራሷ ሱፉን፣ ለሳቸው ስሱን ጥጥ አስመዘነች። ሻጩ የያዘውን ውሃ ራሱ ጠጣው።

እቤት ስንደርስ ጋሼ ሶፋው ላይ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። አክስቴ የሱፉን ቁራጭ ሆዳቸው ላይ አኖረችና ግንባራቸውን ጠብቂ አለችኝ። ላብ ችፍ አለ። ሱፉን አንስታ ጥጡን ስታስቀምጥ ማንኮራፋታቸውን ሳያቋርጡ ደረቁ። ደስ ብሎን ስንንሾካሾክ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምንድን ነው የምትሠሩት?"

"ሞተህ እንደሆን እያየን ነው።"

"እና?"

"ገና ነህ። ተኛ።"

ተኙ።

የብርድ ልብሱ የላይኛው ጨርቅ ተገጣጥሞ ሲያልቅ አክስቴ በራስጌው ጠርዝ፣ ጋሼ ዘወትር በሚተኙበት በበሩ በኩል፣ የሥራ ሸሚዛቸውን ኪስ እንዳለ ሰፋችበት። ምን ሊያደርግ ነው ብላት፣ "ለዚያ ለሚንጫጫው ጉድ ነዋ" አለች ቀና ሳትል። ከአክስቴ አፍ ይቅርታ ወጥቶ አያውቅም፤ ያ ኪስ ግን ይቅርታ ነበር፣ እኔም ስለገባኝ አንጀቴን በላችው።

የቀረው ሙሌቱን ከቶ መዝጋት ነው። አክስቴ የምታውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ የኮሌታውን፦ በውስጥ በኩል ሰፍቶ መገልበጥ። ገበሩን ምንጣፉ ላይ ዘረጋች፤ የላይኛውን ጨርቅ በፊቱ ደፍታ ደረበችበት። በላዩ ላይ ጥጡን በበሩ በኩል፣ ሱፉን በግድግዳው በኩል አነጠፈች፣ ወሰወሰችው፣ ዙሪያውን በመኪና ሰፍታ አንድ ቀዳዳ አስቀረች። ከዚያ በቀዳዳው እየጎተትን፣ ጥጃ እንደሚያዋልድ ሰው እያማጥን ገለበጥነው። ሙሌቱ እንዳይሸሽ መሐል መሐሉን በእጅ ጠቀመችው። ሲያልቅ እውነትም ያምር ነበር፣ ቀሚሴ ሳይቀር።

ማታ ብርድ ልብሱን ታቅፋ ሳሎን መጥታ ጋሼ ፊት ቆመች።

"ብርድ ልብስ ሰፍቻለሁ። ካልፈለግክ ለውሻው እሰጠዋለሁ።"

"ውሻ የለንም።"

"እገዛለሁ!"

ጋሼ ተነስተው አዩት። ኪሱን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ሬዲዮዋን ከተቱ፤ ልክክ አለች። ትራሳቸውን ታቅፈው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። እኔም ሶፋዬ ላይ ተዘረጋሁ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ጠዋት ጋሼ ካናቴራቸው ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል። አክስቴ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ፣ የኔን የሱፍ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፍታለች።

"እንዴት አደራችሁ?"

"በጣም ደህና!" አሉ፣ ሁለቱም ባንድ አፍ።

በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም። ጋሼ በርበሬ መሰሉ፣ አክስቴን ሳል ያዛት፣ አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ አመጣሁላት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያሳሰበኝ ሶፋዬ ነው። እንዲህ ከቀጠሉ ጋሼ መመለሳቸው አይቀርም።

በዕረፍት ቀኔ አልጋቸውን ሳነጥፍ እጄን ኪሱ ባለበት በኩል አሳረፍኩ። ወፍራም ነው። በአክስቴ በኩል ዳበስኩት፣ ስስ።

"አክስቴ! ነይ ዳብሺው!"

ጣቷ ገና ሲነካው ገባት። "ኮሌታ!" ብላ ጮኸች። "ደፍቼ እኮ ነው የሞላሁት! ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ሆነ!" የኮሌታ ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትገለብጥ ኖራ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። "ባሌን በገዛ እጄ ቀቀልኩት፣ አሁን ጥሎኝ ይሄዳል" አለችና ልትተረትረው መቀሷን አነሳች።

"ራስጌውን ግርጌ አድርጊውና ተገላገይ" አልኳት።

"ሬዲዮው እግሬ ሥር ሊለፈልፍ?"

ይሄኔ ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል። "ምን ልታደርጊው ነው?"

አክስቴ መቀሱን እንደያዘች ዞረች። "ተሳስቻለሁ" አለች። ይህ ቃል እዚያ ቤት ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። "ሱፉ አንተ ላይ ነው።"

"እሱንማ የመጀመሪያው ቀን አወቅኩት።"

"አውቀህ ነው እንዲህ የምትቀቀለው? ምነው አትናገርም?"

"ሆን ብለሽ መስሎኝ። በሙቀት ልታስወጪኝ።"

"ታዲያ ለምን አልወጣህም?"

ጋሼ እኔን አዩኝ፣ መሬቱን አዩ፣ ጭንቅላታቸውን አከኩ። "እዚያ ሶፋ ላይ ይበርደኝ ነበር" አሉ።

ምድጃው! አክስቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ኮፍያዬን አውልቃ ዓይኗን ጠረገችበት። ከዚያ አፍንጫዋን። "በል እለፍ ወደ ግድግዳው፣ እኔ በበሩ በኩል እተኛለሁ" አለቻቸው። ከተጋቡ ጀምሮ ያልለቀቁትን ቦታ ጋሼ ትራሳቸውን ወደ ግድግዳው ገፍተው ለቀቁ። ብርድ ልብሱ አልተተረተረም።

ኪሱ ግን እንደተሰፋ አክስቴ ጋ ቀረ። ሬዲዮዋ አሁን የምታድረው በሷ ጆሮ ሥር ነው፤ ጋሼ ማንኮራፋት እንደጀመሩ አጠፋዋለሁ ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት ሌሊት በሬዲዮ የተላለፈውን የኳስ ውጤት የምትነግረኝ ግን እሷ ናት።