እትዬ አስካለ «ኖር!» አሉኝ

ዛሬ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ኖር!» አሉኝ!

ጉልበታቸው በኦፕሬሽን ከተቀየረ ወዲህ የጉልበታቸው ሎሚ ወደ ጎን እየሸሸ ሲያሰቃያቸው ነው የከረመው። ልጃቸው ትዕግስትም ሥራዋን ትታ እሳቸውን ስትደግፍ ከረመች።

ሐኪሙ «የታፋዎ ጡንቻ ደክሟል። መነሳት መቀመጥ ይለማመዱ፤ ያለዚያ ሌላ ኦፕሬሽን ሊያስፈልግ ይችላል» ብሏቸዋል።

እኛ ጠያቂዎች ግን «በሞቴ አይነሱ!» እያልን አስቀመጥናቸው። ደግነታችን መከራ!

እኔም ዛሬ ከልማድ «በእግዜር! ይቀመጡ!» ስላቸው፣ «ዝም በይ! ይልቅ ውጪና እንደገና ግቢ» አሉኝ።

ወጥቼ ገባሁ። ያለ ትዕግስት ድጋፍ ተነሱ፤ ሎሚውም ከቦታው አልሸሸም! ልጅቷ በደስታ አለቀሰች።

እናንተስ፣ በደግነት ያስቀመጣችሁት ታማሚ የለም? እስቲ አውሩኝ። እዚህማ ይኸው ከዋጫ የመጡት እህታቸው በር ላይ ቆመው «አስካለ፣ እኔስ ስንቴ ልግባ?» እያሉ ነው።